የትራቂያ ነገሥታት በጎረቤቶቻቸው አንደበት

የጥንት ግሪኮችን ተረት የሚያነብ ተማሪ ከጥቂት ገጾች በኋላ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በተረቱ ውስጥ እንግዳውን የሚያርድ ንጉሥ፣ አደራ የሚበላ ንጉሥ ወይም የሚስቱን እኅት የሚደፍር ንጉሥ ሲያስፈልግ፣ ተራኪው ብዙ ጊዜ ዓይኑን ወደ ሰሜን ያነሣና «በትራቂያ አገር አንድ ንጉሥ ነበረ» ብሎ ይጀምራል። እኛም ይህን ደጋግመን ካየን በኋላ፣ እነዚህ የትራቂያ ነገሥታት እነማን ነበሩ? ስለ እነርሱስ የነገረን ማን ነው? ብለን ለመጠየቅ ተነሣን። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከዚህ ጥያቄ ያገኘነውን ነው።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። ትራቂያ ይባል የነበረው ከኤጌ ባሕር በስተ ሰሜን እስከ ዳኑብ ወንዝ፣ በምሥራቅም እስከ ጥቁር ባሕር የሚደርሰው ምድር ነው። ዛሬ አብዛኛው በቡልጋርያ፣ የቀረው በሰሜን ምሥራቅ ግሪክና በቱርክ አውሮፓዊ ክፍል ውስጥ ይገኛል። ተራራው ወርቅና ብር፣ ጫካው ለመርከብ ሥራ የሚሆን ግንድ፣ ሜዳው ደግሞ የተመሰገነ ፈረስ ይሰጥ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶት ትራቃውያን ከሕንዶች በቀር በብዛት የሚበልጣቸው ሕዝብ እንደሌለ፣ በአንድ ገዥ ሥር ቢሆኑ ወይም በአንድ ልብ ቢመክሩ ማንም እንደማይችላቸው፣ ነገር ግን ይህ ከቶ ስለማይሆንላቸው ደካሞች እንደሆኑ ጽፏል።

ትራቃውያን ስለ ራሳቸው የጻፉት ታሪክ ለእኛ አልደረሰም። የነገሥታታቸው ተረት የተላለፈልን በግሪኮች፣ ከግሪኮችም ይልቁንም በአቴና ሰዎች ብዕር ነው። በችሎት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው፣ ከሁለቱ ተሟጋቾች አንዱ ብቻ በተናገረበት ጉዳይ ፍርድ መስጠት እንዴት እንደሚያስቸግር ያውቃል። ይሁን እንጂ ተናጋሪው አንድ ወገን ብቻ ቢሆንም፣ በልዩ ልዩ ጊዜ የሰጠውን ቃል ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻላል። ቃሉ ተለዋውጦ ሲገኝም፣ ምን ለወጠው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ምስክር ሆሜር ነው። በኢልያድ ውስጥ ትራቃውያን ትሮያን ለመርዳት የመጡ ስለሆኑ ለግሪኮች ጠላቶች ናቸው፤ ሆኖም የተናቁ ጠላቶች አይደሉም። ሰይፋቸውና ፈረሶቻቸው ይደነቃሉ፤ ጀግኖቻቸው እንደማንኛውም ጀግና ይዋጋሉ፤ እንደማንኛውም ጀግና ይሞታሉ። በኦዲሴያ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ኦዲሴዎስ ከትሮያ ሲመለስ በትራቂያ ጠረፍ ወደምትገኘው ወደ ኢስማሮስ ከተማ ደርሶ፣ ምንም ሳይበድሉት ወንዶቹን ገድሎ፣ ሴቶቹንና ከብቱን ዘርፎ ከሰዎቹ ጋር ይከፋፈላል። ይህንንም ሳያፍር ራሱ ይናገራል። ኋላ ዓይን አንድ የሆነውን ጭራቅ አስክሮ የጣለበትን ግሩም የወይን ጠጅ የሰጠው ማሮን የሚባል የዚያው አገር ካህን ነው። እንግዲህ በሆሜር ዘንድ ዘራፊው ግሪክ፣ ደጉ ሰው የትራቂያ ሰው ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ክፉዎቹ ነገሥታት እንለፍ። ሊኩርጎስ የተባለው ንጉሥ የወይን አምላክ የሚሉትን ዲዮኒሶስን ከነሞግዚቶቹ አሳዶ ባሕር ውስጥ እስኪገባ ድረስ አስጨነቀው፤ በዚህም ምክንያት አማልክት ተቆጡትና ዕውር ሆነ፤ ዕድሜውም አጠረ። ሆሜር የሚነግረን ይህን ያህል ሲሆን፣ ሰውዬው የየት አገር ንጉሥ እንደነበረ አይናገርም። በአምስተኛው መቶ ዓመት የአቴናው ባለቅኔ ኤስኪሎስ ቴአትር ሲጽፍለት ግን ሊኩርጎስ በስትሪሞን ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ የኤዶናውያን የተባሉ ትራቃውያን ንጉሥ ሆኖ ቀረበ። በኋላ ዘመን በተጻፈው ደግሞ አብዶ የወይን ሐረግ የሚቆርጥ መስሎት የገዛ ልጁን በመጥረቢያ ይገድላል፤ ምድሪቱም ፍሬ አልሰጥ ስትል ሕዝቡ ወደ ፓንጌዎን ተራራ ወስዶ አሰረው፤ በዚያም ፈረሶች አጠፉት። (የሊኩርጎስን ነገር ካነሣን አይቀር፣ የብሪታንያ ሙዚየም በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለገዛው አንድ የሮማውያን ብርጭቆ ዋንጫ መናገር ይገባናል። በዋንጫው ላይ ሊኩርጎስ በወይን ሐረግ ተጠምጥሞ ሲታነቅ ተቀርጿል። ብርሃን ከፊት ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ከኋላ ሲያልፍበት ግን ቀይ ይሆናል። ይህም ከብርጭቆው ጋር በተዋሐዱ፣ በዓይን በማይታዩ የወርቅና የብር ቅንጣቶች ምክንያት ነው።)

የፖሊሜስቶር ነገርም እንዲሁ ነው። የትሮያ ንጉሥ ፕርያም ትንሹን ልጁን ፖሊዶሮስን ከብዙ ወርቅ ጋር በአደራ ሰጥቶት ነበር ይባላል። ትሮያ በወደቀች ጊዜ ፖሊሜስቶር ስለ ወርቁ ሲል ልጁን ገድሎ ሬሳውን ወደ ባሕር ጣለው፤ የልጁ እናት ሄኩባም በብልሃት ወደ ድንኳኗ አስገብታ የእርሱን ልጆች አስገደለች፤ ሁለት ዓይኖቹንም አጠፋች። ይህ የዩሪፒዲስ ቴአትር ነው፤ ሲያነቡት ያስለቅሳል። ነገር ግን ኢልያድን የገለጠ ሰው ፖሊዶሮስን በጦር ሜዳ አኪሌስ ሲገድለው ያገኛል። አደራ የበላ የትራቂያ ንጉሥ በዚያ የለም። ገዳዩ ግሪክ ነው።

እንግዲህ በሆሜርና በአቴና ባለቅኔዎች መካከል ምን ሆነ? መልሱ በአማልክት ዘንድ ሳይሆን በስትሪሞን ወንዝ ዳር ይገኛል ብለን እናምናለን። በዚያ የወርቁ ተራራ ፓንጌዎን አለ፤ በዚያ የመርከብ እንጨት አለ። አቴና የባሕር ኃይል በሆነች ጊዜ ሁለቱም እጅግ አስፈለጓት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ465 ገደማ 10,000 ሰፋሪዎች ላከችና ዘጠኝ መንገድ የተባለውን ስፍራ ያዘች። ሰዎቹ ግን ወደ መሐል አገር ሲገፉ ድራቤስኮስ በተባለ ቦታ ትራቃውያን ደመሰሷቸው። ልጁን ወይም ወንድሙን በዚያ ያጣ የአቴና ሰው ቴአትር ገብቶ የትራቂያ ንጉሥ ሲያብድና ሲታወር ቢያይ ደስ እንደሚለው ለመገመት አያዳግትም። ከዚህም በላይ በአቴና ገበያ ከሚሸጡት ባሮች ብዙዎቹ ትራቃውያን ነበሩ። ያንን ሕዝብ በየቀኑ በባርነት የሚያይ ሰው ንጉሡንም አክብሮ ማየት ይቸግረዋል።

ተረቱ የርስት ማስረጃ ሆኖ ያገለገለበትም ጊዜ አለ። የቢስቶናውያን ንጉሥ ዲዮሜዴስ የሰው ሥጋ የሚበሉ ባዝራዎች ነበሩት፤ የሚያበላቸውም እንግዶችን ነበር ይባላል። ጀግናው ሄራክሊስ መጥቶ ንጉሡን ለገዛ ፈረሶቹ ጣለው። በዚህ መካከል አብዴሮስ የሚባለው የሄራክሊስ ወዳጅ በባዝራዎቹ ስለተበላ፣ ሄራክሊስ በመቃብሩ አጠገብ አብዴራ የተባለችውን ከተማ ቆረቆረ። ተረቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ከታሪክ እንደምንረዳው ግን አብዴራን መጀመሪያ ሊያቀኑ የመጡትን ግሪኮች ትራቃውያን አባረዋቸው ነበር፤ ከተማዪቱ ጸንታ የቆመችው ከ100 ዓመት ገደማ በኋላ የቴዎስ ሰዎች ከፋርስ ሸሽተው በመጡ ጊዜ ነው። በሰው ምድር ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ የቀድሞው ባለ ርስት እንግዳ በላ አውሬ ነበረ፤ ቦታውም በአባታችን ወዳጅ ደም የተገኘ ነው ከማለት የበለጠ ምን ማስረጃ ይገኝለታል?

ይሁን እንጂ አንድን ጎረቤት አውሬ ብሎ መሳል ችግር የሚያመጣበት ቀን ይመጣል። ይህን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየን የቴሬዎስ ተረት ነው። ቴሬዎስ የአቴናን ንጉሥ ልጅ ፕሮክኔን አገባ። ኋላም እኅቷን ፊሎሜላን ደፈረና እንዳትናገር ምላሷን ቆረጠ። ፊሎሜላ ግን የደረሰባትን በሽመና ጥበብ ጨርቅ ላይ ጽፋ ለእኅቷ ላከች። ሁለቱ እኅትማማቾች ለበቀል የንጉሡን ልጅ አርደው ለአባቱ አበሉት፤ በመጨረሻም ሦስቱም ወፎች ሆኑ። ሶፎክሊስ ይህን በቴአትር ሲያቀርብ ቴሬዎስን የትራቂያ ንጉሥ አድርጎ አቀረበው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 የፔሎፖኔስ ጦርነት ሲጀመር አቴና ብርቱ ወዳጅ ፈለገች። የተገኘው ወዳጅ ሲታልኬስ፣ የኦድሪሳውያን ትራቃውያን ንጉሥ ነው። አቴና ከእርሱ ጋር የቃል ኪዳን ውል ተዋዋለች፤ ልጁን ሳዶኮስንም የአቴና ዜጋ አደረገችው። የሲታልኬስ አባት ስም ግን ቴሬስ ነበር። ቴሬስና ቴሬዎስ! በቴአትር ቤት ያደገ የአቴና ሕዝብ ይህን ስም ሲሰማ ምን እንዳሰበ መናገር አያስፈልግም። እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ፣ ቃል የማያባክነው ያ ሰው፣ የጦርነቱን ታሪክ ያቆምና ያልተጠበቀ ማብራሪያ ይሰጣል። ቴሬስ ከቴሬዎስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ከአንድ ትራቂያም አልወጡም፤ ቴሬዎስ የኖረው በመካከለኛው ግሪክ በፎኪስ፣ ዳውሊስ በምትባል ከተማ ነው፤ በዚያን ጊዜ በዚያ ይኖሩ የነበሩት ትራቃውያን ነበሩ፤ ደግሞስ የአቴና ንጉሥ ልጁን ለቅርቡ ሰው ይድር ነበር እንጂ ብዙ ቀን ተጉዞ ለሚደረስበት ለኦድሪሳዊ ምን አስኬደው? እያለ ይከራከራል። ተረትን ለማስተባበል ይህን ያህል መድከሙ፣ ተረቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበረ ያስረዳል። ቱኪዲደስ ራሱ በዚያው አገር የወርቅ ማዕድን የማሠራት መብት እንደነበረውና የአባቱ ስም ኦሎሮስ የትራቃውያን ስም እንደሆነም እናስታውስ። ሰውየው ትራቃውያንን ከሩቅ አያውቃቸውም ነበር።

ማስተባበያው ምን ያህል እንደሠራ ከቱኪዲደስ ከራሱ መጽሐፍ መመልከት ይቻላል። በ429 ሲታልኬስ 150,000 ያህል ሠራዊት አስከትቶ በቃሉ መሠረት ወደ መቄዶንያ ዘመተ። አቴናም በበኩሏ መርከቦች ልትልክ ይገባት ነበር። መርከቦቹ ግን አልመጡም። የአቴና ሰዎች ንጉሡ ይመጣል ብለው ስላላመኑ ስጦታና መልእክተኞች ብቻ ልከው ነበር። ሲታልኬስ በ30 ቀን ውስጥ ስንቅ አልቆበትና ክረምቱ ከብዶበት ተመለሰ። ያላመኑት ለምን እንደሆነ ቱኪዲደስ አይነግረንም፤ በእኛ አስተያየት ግን በቴአትር የሰሙት ነገር እጁ የለበትም ለማለት ያስቸግራል።

ከነገሥታቱ ሁሉ የእኛን ልብ የሚነካው ሬሶስ ነው። ሬሶስ ለትሮያ ሊረዳ የመጣው በአሥረኛው ዓመት ነው። ፈረሶቹ ከበረዶ ይልቅ የነጡ፣ ሠረገላው በወርቅና በብር ያጌጠ፣ የጦር ልብሱም ለአማልክት እንጂ ለሰው የማይገባ ወርቅ ነበር ይላል ሆሜር። በደረሰበት ሌሊት፣ አንድ ጦር እንኳ ሳይወረውር፣ ደክሞት ከሰዎቹ ጋር ተኛ። ዶሎን የሚባል የትሮያ ሰላይ በግሪኮች እጅ ወድቆ ስለ ነፍሱ ሲል የሰፈሩን ቦታ ተናገረ። ከዚያ ኦዲሴዎስና ግሪካዊው ዲዮሜዴስ (ከባለ ባዝራዎቹ ንጉሥ ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ) ሾልከው ገቡ። ዲዮሜዴስ 12 የተኙ ሰዎችን ካረደ በኋላ ንጉሡን 13ኛ አደረገው። ኦዲሴዎስ ደግሞ ሬሳ ያልለመዱት ፈረሶች እንዳይደነብሩ ሬሳዎቹን በእግራቸው እየጎተተ መንገድ ያጸዳ ነበር። ነጫጭ ፈረሶቹን ነድተው ሄዱ፤ በሰፈራቸውም እየሳቁ ገቡ። በሬሶስ ስም የሚጠራ፣ ከዩሪፒዲስ ቴአትሮች ጋር ተቆጥሮ የደረሰን ነገር ግን የእርሱ መሆኑ የሚያከራክር ድርሰት አለ፤ በዚያ ውስጥ ሬሶስ የስትሪሞን ወንዝና የአንዲት ሙዛ ልጅ ነው። እናቱ ሬሳውን ታቅፋ፣ ልጇ ጨርሶ እንደማይሞት፣ በአገሩ የብር ማዕድን ዋሻ ውስጥ ተሰውሮ እንደሚኖር ትናገራለች።

በዚህ ላይ አንድ ታሪክ እንጨምር። በ437 አቴና ድራቤስኮስን ሳትረሳ ሐግኖን የሚባለውን ሹም ወደ ዘጠኝ መንገድ እንደገና ላከችው፤ እርሱም ኤዶናውያንን አስለቅቆ አምፊፖሊስን ቆረቆረ። በሮማውያን ዘመን የጦር ብልሃቶችን የሰበሰበው ፖሊየኖስ እንደሚተርከው፣ የሬሶስ አጥንት ካልገባ ከተማው አይጸናም የሚል ትንቢት ስለነበረ ሐግኖን ወደ ትሮያ ሰዎች ልኮ መቃብሩን በሌሊት አስቆፈረ፤ አጥንቱንም በሐምራዊ መጎናጸፊያ ጠቅልሎ ወደ ስትሪሞን አመጣ። ትራቃውያን አናሻግርም ባሉት ጊዜ የ3 ቀን ዕርቅ ማለላቸው። እነርሱ ሲመለሱ ግን በሌሊት ተሻግሮ አጥንቱን በወንዙ ዳር ቀበረ፤ ቀን ቀን እያረፈ ሌሊት ሌሊት እየቆፈረ በ3 ሌሊት ምሽጉን ጨረሰ። መሐላህን አፈረስክ ሲሉት፣ የማልኩት ለ3 ቀን ነው እንጂ ለሌሊት አይደለም ብሎ መለሰላቸው። ታሪኩ በዝርዝሩ እውነት ይሁን አይሁን፣ የሚገርመው የሬሶስ ዕድል ነው። ግሪኮች ተኝቶ ሳለ ገደሉት፤ ከዚያም የገዛ ወገኖቹን ምድር ለመውሰድ አጥንቱን ባለ አገር አድርገው አስቀደሙት። ፊርማው ቢታይ የገዢው ሳይሆን የሟቹ ነው ማለት ነው።

የአቴና ሰዎች ትራቂያን ይንቁ ነበር ስንል ነገሩን እንዳናቀልለው እንሰጋለን፤ ከተናቀው ሕዝብ ብዙ ነገር ወስደዋልና። ከአቴና ጋር ተዋግቶ የወደቀው ኤውሞልጶስ የትራቂያ ሰው ነበር ይሉታል፤ በኤሌውሲስ የነበረውን እጅግ የከበረ ምሥጢራዊ ሥርዓት የሚመሩት የካህናት ወገን ግን ከእርሱ መወለዳቸውን በኩራት ይናገሩ ነበር። በዜማው ዛፍንና ድንጋይን ያስከትል የነበረው ኦርፌዎስም የትራቂያው ንጉሥ የኦያግሮስ ልጅ ነው። ወርቁንና እንጨቱን ሲፈልጉ አውሬ፣ ዜማውንና ምሥጢሩን ሲፈልጉ አባት አደረጓቸው።

የእኛም ስም በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሳይነሣ አልቀረም። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ የጥቁሮች ምድር ሁሉ ቢሆንም፣ ከሬሶስ በኋላ ለትሮያ ረዳት ሆኖ የመጣው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን ነው። እርሱ ግን የሞተው በአልጋው ሳይሆን ከአኪሌስ ጋር ፊት ለፊት ተዋግቶ ነው። ዜኖፋኔስ የተባለው ፈላስፋም፣ ሰው ሁሉ አምላኩን በራሱ መልክ እንደሚያስብ ለማስረዳት የመረጣቸው ሁለት ሕዝቦች ጥቁሮቹ ኢትዮጵያውያንና ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ቀያይ ትራቃውያን ናቸው። ለግሪክ አሳቢ የዓለም ሁለት ዳርቻዎች እነዚህ ነበሩ። ሄሮዶት እንደሚለው ደግሞ በትራቃውያን ዘንድ መነቀስ የጨዋ ልጅነት ምልክት ሲሆን፣ ያልተነቀሰ ሰው እንደ ተራ ይቆጠር ነበር። በግሪኮች ዘንድ ግን ንቅሳት የሚደረገው ለጠፋ ባሪያ ነው።

የቀረው ምስክር መሬት ነው፤ እርሱም መናገር የጀመረው በቅርቡ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1944 በቡልጋርያ በካዛንልክ ከተማ ወታደሮች ሲቆፍሩ፣ ባልና ሚስት በማዕድ ተቀምጠው በዙሪያቸው ፈረሶችና ሠረገላዎች የተሣሉበት መቃብር ተገኘ። በ1949 በፓናጊዩሪሽቴ ሦስት ወንድማማቾች የሸክላ አፈር ሲቆፍሩ ከ6 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ 9 የወርቅ ዕቃዎች አወጡ። በ1985 እና በ1986 ሮጎዜን በምትባል መንደር 165 የብር ዕቃዎች ተገኙ። በአንዳንዶቹ ላይ የንጉሥ ኮቲስ ስም ተጽፏል፤ በአንደኛው ሳሕን ላይ ደግሞ ሄራክሊስ አለ። ያው ሄራክሊስ፣ የትራቂያን ንጉሥ ለፈረስ የጣለው፣ በትራቂያ መኳንንት ገበታ ላይ! ተረቱን ሰምተው እንደሆነ አልተቆጡበትም።

በ2004 ደግሞ በካዛንልክ አጠገብ የንጉሥ ሴውቴስ 3ኛ መቃብር ተከፈተ። ከበሩ ፊት ከነሐስ የተሠራ የንጉሡ ራስ ተቀብሮ ነበር፤ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ግንባሩ የተኮሳተረ፣ ዓይኑ ግን ሕያው የሚመስል ነው። ከውስጥ የወርቅ የራስ አክሊል፣ ስሙ የተጻፈበት የራስ ቁርና ከእርሱ ጋር የተቀበረ ፈረስ ተገኝቷል። ስለ ፈረሱ ግሪኮች እውነታቸውን ነበር።

ከሁሉ የምትበልጥብን ግን ከሁሉ የምታንሰው ናት። በ1912 ኤዜሮቮ በምትባል መንደር አንዲት የወርቅ ቀለበት ተገኘች። በላይዋ በግሪክ ፊደል፣ ነገር ግን በትራቃውያን ቋንቋ፣ 61 ፊደላት ያለ ክፍተት ተቀርጸዋል። ሊቃውንት እስከ ዛሬ አንዱ ቃል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አልተስማሙም። አንዱ የሴት ስም ነው ይላል፤ ሌላው ጸሎት ነው ይላል። ፊደሉን ማንም የግሪክ ተማሪ ጮኾ ሊያነበው ይችላል፤ የሚለው ግን ምን እንደሆነ አይታወቅም።